ማሳሰቢያ፦ የኮምፖስት በርሜል ከመግዛታችሁ በፊት ምን ይዞ እንደነበር ጠይቁ

ክረምቱ ሊገባ ነው። ለጎመንና ለሰላጣ፣ ለቆስጣና ለካሮት መደብ የሚያዘጋጀው ሰው በዝቷል፤ የኮምፖስት ማጠራቀሚያ የሚፈልገውም እንዲሁ። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በግቢ ጥግ የቆመ በርሜል፣ በኮንዶሚኒየም በረንዳ የተቀመጠ ባልዲ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ነገሩ የሚደገፍ ነው። ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው፤ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን አንጓ፣ የቡና አተላ፣ የበዓል ቄጤማ። ይህን ሁሉ አንድ ቦታ መከመር ምን እንደሚያስከትል መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲያልቁ ታይቷል።

ስለዚህ ኮምፖስት ሥሩ። የዚህ ማሳሰቢያ ጉዳይ ኮምፖስቱ የሚሠራበት ዕቃ ነው። ብዙ ሰው ማጠራቀሚያ ሲመርጥ የሚያየው ዋጋውን፣ መጠኑንና መልኩን ነው። ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር፣ አየር የሚያስገባበትና ውሃ የሚያወጣበት ቀዳዳ እንዳለው የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተገዛ በርሜል ጣጣው የሚታየው ገንዘቡ ከተከፈለ፣ ጎመኑም ከተበላ በኋላ ነው።

አንደኛ፤ ታሪኩ የማይታወቅ በርሜል አትግዙ

ገበያ ላይ በርከት ብሎ የሚገኘው ርካሽ ማጠራቀሚያ ያገለገለ በርሜል ነው፤ 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ሰማያዊ ፕላስቲክ ወይም ብረት። አንዳንዱ የምግብ ዘይት፣ ማር ወይም የጭማቂ ጥሬ ዕቃ የያዘ ነው። ሌላው የቆዳ ፋብሪካ ኬሚካል፣ የጨርቅ ማቅለሚያ፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ አሲድ፣ ኮስቲክ ሶዳ ወይም ፀረ ተባይ ይዞ የከረመ ነው። ታጥበው ከተደረደሩ በኋላ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል።

ምናለሽ ተራን በመሰለ ገበያ የሚሰማው ንግግር የታወቀ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ምን የነበረበት ነው?»

«ፈሳሽ ሳሙና ነው እማማ። ታጥቧል፤ ከፈለጉ ያሽትቱት።»

እማማ ጎንበስ ብለው ያሸታሉ። እውነትም ሳሙና ሳሙና ይላል። ይገዙታል። ግን የሳሙናው ሽታ የሚነግራቸው በርሜሉ መታጠቡን ብቻ ነው። ሻጩም ሆን ብሎ አልዋሸ ይሆናል፤ እሱ የገዛው ከቆራሌው ነው፣ ቆራሌው ከአንድ ግቢ ጥበቃ፣ ጥበቃው ደግሞ በርሜሉን ያገኘው ባዶውን ነው። በዚህ ቅብብሎሽ ውስጥ የበርሜሉን ይዘት የሚያውቀው የመጀመሪያው ሰው ብቻ ሲሆን እሱ ገበያው ላይ የለም።

ስለዚህ የሚጠየቀው በርሜሉ ራሱ ነው። ጎኑ ላይ የመለያ ወረቀት ካለ አንብቡት። ወረቀቱ ተፍቆ የሙጫው አራት ማዕዘን ብቻ ከቀረ ተጠራጠሩ። በቀይ መስመር የተከበበ፣ በአንድ ጫፉ የቆመ ነጭ አራት ማዕዘን ምልክት ካያችሁ፣ ውስጡ የተሣለው የራስ ቅልና አጥንት፣ የሞተ ዓሣና የደረቀ ዛፍ፣ ጠብታ የበላው እጅ ወይም የእሳት ነበልባል ቢሆን፣ ዋጋ ሳትጠይቁ እለፉት። ክዳኑን ከፍታችሁ የአፉን ጠርዝ ከውስጥ በኩል በጓንት ዳብሱ፤ ማጠቢያው የማይደርስበት እዚያ ስለሆነ ዝቃጭና የደረቀ ቅሪት የሚቀረው እዚያ ነው። የውስጥ ግድግዳው ቢጫ፣ ሐምራዊ ወይም ቡናማ ሆኖ ከቀለመ ፕላስቲኩ የያዘውን ነገር ጠጥቷል ማለት ነው።

ከታች በሦስት ቀስቶች መሃል የተጻፈው 2 ቁጥር ብዙዎችን ያሳስታል። «2 ቁጥር ስለሆነ ለምግብ ይሆናል» የሚል ሻጭ አለ። ቁጥሩ የሚናገረው የፕላስቲኩን ዓይነት ነው። የዘይቱም የመርዙም በርሜል ከዚሁ ፕላስቲክ ይሠራል።

«አጥበዋለሁ» የሚል መልስ ለፀረ ተባይ መያዣ አይሠራም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ባዶ የፀረ ተባይ መያዣ ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል ይከለክላል። ሦስት ጊዜ ይታጠብ የሚባለውም በደህና እንዲወገድ ነው፤ ከታጠበ በኋላም ተበስቶ ከጥቅም ውጪ መሆን አለበት። እንደ ዲዲቲ ያሉት ኬሚካሎች አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ፤ የኮምፖስት ሙቀት አያጠፋቸውም። አገራችን ከሃያ ዓመት በፊት በየመጋዘኑ የተከማቸ፣ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ሰብስባ ወደ ፊንላንድ ያስላከችው በከፍተኛ ሙቀት በሚሠራ ልዩ ማቃጠያ እንዲወገድ ነበር። ያን ያህል ያስወጣ ነገር በቧንቧ ውሃና በኦሞ አይለቅም።

ከበርሜሉ ወደ ኮምፖስቱ፣ ከኮምፖስቱ ወደ መደቡ የገባ መርዝ መድረሻው ማዕድ ነው። ሰላጣ በጥሬው ይበላል። የግቢ ዶሮ ኮምፖስቱን ጭራ ትል ትለቅማለች፤ አፈሩ ውስጥ ያለው እርሳስ የተባለ መርዛማ ብረትና ፀረ ተባይ በእንቁላሏ በኩል ወደ ልጆች ይመጣል።

ሁለተኛ፤ ድፍን የብረት በርሜል ቤት ውስጥ አትቁረጡ፣ አታስበይዱ

ይህ ከሁሉ የሚያስቸኩል ነው። ቤንዚን፣ ማቅጠኛ፣ አልኮል ወይም ዘይት የነበረበት ድፍን በርሜል ባዶ ቢመስልም ውስጡ የሚቀጣጠል ተን ይቀራል። አፉን ለመክፈት በግራይንደር ሲቆረጥ ወይም ብየዳ ሲነካው የሚፈጠረው ብልጭታ በርሜሉን እንደ ቦምብ ያፈነዳዋል። ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚደርሰው በቆራጩና ቆሞ በሚያየው ልጅ ላይ ነው። አፉ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት፣ ክዳኑ በቀለበት የሚታሰር በርሜል ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፤ መቁረጥ አያስፈልገውም። የሬንጅ በርሜል ግን ክፍትም ቢሆን ለአትክልት ኮምፖስት አይሁን፤ ግድግዳው ላይ የተጋገረው ሬንጅ በቀላሉ አይወጣም፣ በእሳት ማቅለጡም ጢሱ ሌላ ጉዳት ነው።

ሦስተኛ፤ እንጨት ሁሉ አንድ አይደለም

ከአጣና ወይም ከቀርከሃ የተሠራ ሣጥን ከፕላስቲኩም ከብረቱም የተሻለ ነው፤ ያስተነፍሳል፣ ርካሽ ነው፣ ሲያረጅ ራሱ ኮምፖስት ይሆናል። የምታገኙት እንጨት ግን ከየት እንደመጣ እወቁ። አሮጌ የመብራትና የስልክ ምሰሶ በመከላከያ ኬሚካል የተነከረ ነው። አረንጓዴነት ያለው መዳብና አርሴኒክ የያዘ ሊሆን ይችላል፤ ጠቁሮ ሬንጅ ሬንጅ የሚሸተው ደግሞ ክሪዮሶት ነው። ሁለቱም ለማገዶ እንኳ አይሆኑም። ያገለገለ የዕቃ ማጓጓዣ ፓሌት ከገዛችሁ ጎኑ ላይ የተተኮሰውን ማኅተም እዩ። «ኤች ቲ» የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት እንጨቱ በሙቀት ብቻ መታከሙን ይናገራሉ። «ኤም ቢ» ካለ በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ነውና ተዉት። ከፈረሰ ቤት የወጣ ቀለም የተቀባ በርና መስኮትም አይሁን፤ በአሮጌ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ በብዛት ይገኛል፣ ቀለሙም እየተላጠ አፈሩ ውስጥ ይገባል።

አራተኛ፤ የማይተነፍስ ዕቃ ኮምፖስት አይሠራም

ንጹሕ በርሜል አገኛችሁ እንበል። ቀዳዳ ከሌለው አሁንም ለኮምፖስት አልሆነም። ብስባሹን ወደ ማዳበሪያ የሚለውጡት ተሕዋስያን አየር ይፈልጋሉ። አየር ሲያጡ ቦታውን የሚይዙት ሌሎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አሲድ፣ ሚቴንና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያመርታሉ። ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ሽታውን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ ጋዙን ያጠራቅመዋል። ክዳኑ አብጦ ካያችሁ ፊታችሁን አርቃችሁ ቀስ ብላችሁ አላሉት።

ጥሩ ማጠራቀሚያ ጎኑ ዙሪያውን የተበሳሳ፣ ከታችም ውሃ የሚያወጣ፣ ብሎኬት ላይ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ወይም ታቹ ተከፍቶ በቀጥታ አፈር ላይ የሚያርፍ ነው። ክዳኑ ዝናብ የሚያንሸራትት ይሁን። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ በነሐሴ ክዳን የሌለው ማጠራቀሚያ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይጨቀያል።

እርጥበቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ከመሃሉ አንድ እፍኝ አውጥታችሁ በጓንት ጭመቁት። በጣቶቻችሁ መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ብቅ ካለ ደህና ነው። ውሃው ከፈሰሰ ሰጋቱራ፣ ጭድ ወይም የደረቀ ቄጤማ ጨምሩ። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ውሃ ይፈልጋል። አፍንጫን የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ከመጣ አረንጓዴው ወይም የዶሮ ኩሱ በዝቷል፤ አሁንም መድኃኒቱ ደረቅ ነገር ነው።

ጉድጓድ ቆፍሮ መሥራት ይሻላል የሚሉ አሉ። እንደ አካባቢው ነው። በትግራይ የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ከገበሬዎች ጋር ባስፋፋው የኮምፖስት ሥራ ጉድጓድ ውጤታማ የሆነው አካባቢው ደረቅ ስለሆነና ጉድጓድ እርጥበት ስለሚይዝ ነው። ያንኑ ጉድጓድ በክረምት አዲስ አበባ ወይም ጅማ ብትቆፍሩት ኩሬ ይሆንባችኋል። ድሬዳዋና ሰመራ ላይ ደግሞ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ፕላስቲክ ብስባሹን አድርቆ ሥራውን ያቆመዋል፤ ጥላ ሥር ይሁን።

አምስተኛ፤ «ሁሉን ያበስላል» የሚል ሻጭ አትመኑ

ኮምፖስት በደንብ ሲሞቅ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንና የአረም ዘር ይሞታሉ። ለዚህ ግን ሙቀቱ 55 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ ለሦስት ቀን መቆየት አለበት፤ የጠርዙም ተገላብጦ መሃል ገብቶ መሞቅ ይኖርበታል። ይህን ሙቀት የሚይዘው በሁሉም ጎኑ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ክምር ነው። 200 ሊትር በርሜል የዚያ አንድ አምስተኛ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜ የያዘውን ሙቀት በጎኑ ይጨርሰዋል። ሥራውን ይሠራል፣ ግን ቀዝቀዝ ብሎ፣ ወራት ወስዶ። በሁለት ሳምንት ይደርሳል ተብሎ ለሚሸጥ ተሽከርካሪ በርሜል ተጨማሪ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አስቡ። ሲሞላ ከ100 ኪሎ እንደሚበልጥም አትርሱ፤ መሽከርከሪያው ብረት ቀጭን ከሆነ እግር ላይ ይወድቃል።

በርሜል እንዲህ ስለማይሞቅ የውሻና የድመት ዓይነ ምድር፣ የሕፃን ዳይፐር፣ በበሽታ የደረቀ የቲማቲም ተክል፣ ዘር የያዘ አረም አትጨምሩበት። የበዓል ዶሮ ላባና አንጀት፣ የበግ ፈርስና አጥንትም አይግቡ። ጨው፣ በርበሬና ዘይት የበዛበት የወጥ ትራፊ ለአትክልቱም አይበጅም። በተለይ የትል ማጠራቀሚያ ያላችሁ ተጠንቀቁ፤ ትሎቹ የሚመቻቸው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ሙቀት ሲሆን ከ35 ካለፈ ያልቃሉ፣ ጨውና የሎሚ ልጣጭም አይወዱም።

ፍም ያለበት አመድ በማጠራቀሚያው አትድፉ። ከቡና በኋላ የሚደፋ የከሰል አመድ የጠፋ ቢመስልም ውስጡ ፍም አለ፤ ፕላስቲክ በርሜል ከደረቀ ሣር ጋር ለመያያዝ ከዚያ በላይ አይፈልግም። አመዱ ውሎ አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላም በትንሹ ብቻ ይነስነስ።

ስድስተኛ፤ የምታስቀምጡበት ቦታ ጎረቤትንም ይመለከታል

ከማጠራቀሚያው የሚወጣው ጥቁር ፍሳሽ ከውሃ ጉድጓድ ጋር መገናኘት የለበትም፤ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከጉድጓዱም ዝቅ ባለ ቦታ ይሁን። ከጭቃ ቤት ግድግዳ ጋር አታስጠጉት፤ እርጥበቱ ልስኑን ያፈርሰዋል፣ ምስጥም ይጋብዛል። ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁ ደግሞ ፍሳሹ ከታች ባለው ጎረቤት ልብስ ላይ እንዳይንጠባጠብ ሳሕን አድርጉበት፤ ሳሕኑንም በየሁለት ቀኑ ድፉት። የቆመ ውሃ የወባ ትንኝ መፈልፈያ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪደሃር ላይ የተገኘችው፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ ከተማ ውስጥ በበርሜልና በባልዲ ውሃ ትራባለች። በ2019 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋን ያመሰው የቺኩንጉንያ በሽታም የሚተላለፈው በቤት ዙሪያ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ በሚፈለፈል ሌላ ትንኝ ነው።

ለአይጥ ከታችም ከጎንም ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የብረት ወንፊት አንጥፉ፤ የዶሮ ሽቦ አይጥ አያግድም። አዲስ የኩሽና ትራፊ በጨመራችሁ ቁጥር ጭድ ወይም አፈር ደፋ አድርጉበት። የዝንብ እንቁላል በሙቀት ጊዜ በአሥር ቀን ገደማ የሚበር ዝንብ ይሆናልና ሳይሸፈን አይደር። በከተማ ዳር ያላችሁ ክዳኑን እሰሩት፤ የሥጋ ሽታ የሳበው ጅብ በርሜል መገልበጥ አይከብደውም።

ልጆችን ከበርሜሉ አርቁ። ባዶ በርሜል ውስጥ ድብብቆሽ የሚጫወት ልጅ ሊታፈን፣ ውሃ በተጠራቀመበትም ሊሰጥም ይችላል።

ሰባተኛ፤ ስትከፍቱና ስታገላብጡ

የደረቀ ኮምፖስት ሲነቃነቅ የሻጋታ ብናኝ ያስነሳል፤ አስም ያለበት ሰው ባያገላብጠው ይመረጣል። ሊጂዮኔላ የተባለ ሳንባ የሚያጠቃ ባክቴሪያ ከኮምፖስትና ከተክል አፈር ወደ ሰው እንደሚተላለፍ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ስለታወቀ እዚያ ከረጢቱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይታተማል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ከማገላበጣችሁ በፊት ውሃ ርጩበት፣ ማስክና ጓንት አድርጉ፣ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ሥሩ፣ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የተቆረጠ የብረት በርሜል ጠርዝ እጅ ይሸረክታል፤ ከአፈርና ከፍግ ጋር ሲሆን የመንጋጋ ቆልፍ አደጋ አለው። ከተቆረጣችሁ ቁስሉን አጥባችሁ ስለ ቲታነስ ክትባት ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ምን ይገዛ?

ቦታ ያለው ሰው ከአጣና ወይም ከቀርከሃ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሣጥን ያሠራ፤ ወንፊቱን ከታች፣ ክዳኑን ከቆርቆሮ። በረንዳ ብቻ ያለው ደግሞ የምግብ ዘይት የመጣበትን ቢጫ ጀሪካን ይጠቀም፤ ከዘይቱ በኋላ ናፍጣ ወይም ኬሚካል ያልተሞላበት፣ ከራሱ ኩሽና የወጣ ቢሆን ይመረጣል። በርሜል ካላስፈለገ አይገዛ፤ ካስፈለገ የሚገዛው ከዘይት፣ ከማር ወይም ከሌላ ምግብ አምራች በቀጥታ፣ መለያው ሳይነሳ ነው።

አጠራጣሪ በርሜል አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ እስካሁን የተሠራውን ኮምፖስት ለሚበላ አትክልት አታድርጉ፣ ዶሮም አታስጭሩበት፤ ከፀረ ተባይ በርሜል የወጣ ከሆነ ለአበባም ቢሆን አታድርጉት። በርሜሉን አታቃጥሉት። ለቆራሌው አትመልሱለት፣ ለጎረቤትም አትስጡ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ እናንተ ለጎመን የተጠየፋችሁትን በርሜል ሌላው የመጠጥ ውሃ ሊያጠራቅምበት ይገዛዋል። ፕላስቲክ ከሆነ ታቹንና ጎኑን በስታችሁ ውሃ እንዳይዝ አድርጉት፤ ድፍን ብረት ከሆነ ሳትነኩት አቆዩት። ከዚያ የወረዳችሁን የግብርና ወይም የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት እንዴት እንደሚወገድ ጠይቁ። ያወጣችሁት ብር ቢያስቆጫችሁም በርሜሉ እናንተ ዘንድ ይቁም።